784 (ቁጥር)

784፣ በግዕዝ አኃዝ ፯፻፹፬፣ ተጋማሽ ሙሉ ቁጥር ነው። በድሬዳዋ የሚታወቀው በባቡር ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የተቆረቆረችበትና በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ርዝመት በተለምዶ 784 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጠቀሳል።

ቁጥሩ 28 በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ፣ 784 እኩል ካሬ ንጣፎች በየረድፉ 28 ሆነው ሲደረደሩ አንዲት ሳትተርፍ ትልቅ ካሬ ይሠራሉ። 28 ራሱ ብርቅ ቁጥር ነው። ከእርሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ መልሰው 28 ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለው ፍጹም ቁጥር ይባላል። በባሕረ ሐሳብም ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው።

ከሁሉ የሚያምረው ጠባዩ ግን በኩብ ድምር ይገለጣል፦ 1 + 8 + 27 + 64 + 125 + 216 + 343 = 784። እነዚህ ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች ኩቦች ናቸው። ቁጥሮቹ እንዲሁ ሲደመሩ 28 ይሆናሉ፤ የኩቦቹ ድምር ምንጊዜም የዚህ ተራ ድምር ካሬ ነው፣ ቆጠራው በ7 ባይቆምም።

784 የአራት 2ቶችና የሁለት 7ቶች ብዜት (2×2×2×2×7×7) በመሆኑ 15 አካፋዮች አሉት። የአካፋዮቹ ብዛት ኢ-ተጋማሽ የሆነው ቁጥሩ ካሬ ስለሆነ ነው፤ ሌሎቹ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ 28 ከራሱ ጋር ይጣመራል። ከራሱ ከ784 በስተቀር ያሉት ሲደመሩ 983 ይሆናሉ፣ ከቁጥሩ ይበልጣሉ።