ከሐዋሳ በዕድሜ የሚበልጠው ካሜራ

ፒያሳ ባለው ፎቶ ቤቴ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የጀርመን ካሜራ ሐዋሳን በዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ይበልጣታል። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። እሱ ሲሠራ እዚህ የነበረው ሐይቁና የሲዳማ የከብት ግጦሽ ነው።

ስሙ ማክሲማር ይባላል። ሠሪው ዛይስ ኢኮን ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገበያ ሲዳከም ኢካ፣ ኤርነማን፣ ጎርዝና ኮንቴሳ ኔትል የተባሉት የካሜራ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1926 ተዋህደው ያቆሙት ድርጅት። መርካቶ ካንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ስገዛው ሰውየው የሬዲዮ ዕቃ መስሎት ነበር። ተዘግቶ ሲታይ አልፈርድበትም፤ ጥቁር ቆዳ የለበሰ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው።

ሲከፈት ግን ሌላ ነው። ከቆዳው ሥር የተደበቀች ቁልፍ አለች። እሷን ስትጫን የፊቱ መዝጊያ ይወርድና ወለል ይሆናል። ሌንሱን በሁለት ጣት ይዘህ በሐዲዱ ላይ ወደፊት ስትስበው ሽብሽቡ ቆዳ እንደ አኮርዲዮን ይዘረጋል። ሸተሩን ከፍተህ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበህ፣ ከኋላ ያለውን ሻካራ መስታወት ታያለህ። ሰውየው እዚያ ላይ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ይመጣል፤ ግራውም ቀኝ ነው። ጥራቱን ካስተካከልክ በኋላ ሸተሩን ትዘጋለህ፣ ሻካራውን መስታወት ታወጣለህ፣ በቦታው የፊልም ቅባት ያለበትን መስታወት ከነመያዣው ታስገባለህ፣ የመያዣውን ቆርቆሮ ትመዛለህ፣ ከዚያ ታነሣለህ። ቆርቆሮውን ሳትመልስ መያዣውን ካወጣኸው ፎቶው ተቃጠለ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሰውየው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ካለም ድካምህ ገደል ገባ።

ባለፈው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ መጥቶ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ሜጋፒክስል ነው?» አለኝ። «አንድ መስታወት፣ አንድ ፎቶ» አልኩት። ሳቀ። 9 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ደርዘን መስታወት ወደ 400 ግራም ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ብዙ ደርዘን በበቅሎ ጭኖ በጭቃና በወንዝ ማሻገር ምን ማለት እንደሆነ ለደቡብ መንገድ አዲስ ያልሆነ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ካሜራው ይመርጥ ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሐል የነበረችውን ኢትዮጵያ በፎቶ የምናያት እሱ በመረጠልን ልክ ነው፤ የሚመርጠውም ዝም ብሎ የሚቆምለትን ነው።

ከሁሉ በፊት ቤተ መንግሥቱ ቆመለት። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒ ሙያውን ይዘው ለተከታዮቹ ነገሥታት አነሡ። ካባ፣ ጎራዴ፣ ወንበር፣ ቀጥ ያለ አንገት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ የናሽናል ጂኦግራፊኩ ሮበርት ሙር ለቀለም የሚሆን መስታወት ይዞ አዲስ አበባ ነበር። ያ መስታወት በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። በሴኮንድ ውስጥ ፈረስ ራሱን ስንቴ እንደሚነቀንቅ አስቡት፤ መኳንንቱ ግን ባለ ወርቅ ካባቸውን ለብሰው ይቆማሉ።

እንደ ድንጋይ የሚቆምለት ደግሞ የለም። የካፑቺኑ መነኩሴ አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሮዤ ሻምባር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሐረርንና ደቡብን እየዞሩ ትክል ድንጋዮችን አነሡ፤ የአምስት ዓመት ሥራቸውም በ1931 ፓሪስ ላይ ታተመ። በ1934 ደግሞ በአዶልፍ የንሰን የሚመራው የፍራንክፈርት የጥናት ቡድን ወደ ደቡብ ወረደ። ከሐዋሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ዲላ ዙሪያ ያሉት የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ዛሬ የዓለም ቅርስ በሆነው አካባቢ ውስጥ ናቸው፤ ዩኔስኮ የመዘገበው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱን ለማንሣት ያልተቸገረ ካሜራ እግራቸው ሥር እንሰት የምትፍቀውን ሴት ለማንሣት ይቸገራል፤ እጇ አያርፍም።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ ነበረው። በዚያ ዘመን የተለመደው መስታወት ቀይ ብርሃን አያይም፤ ለዚህ ነው ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት አብርተው ያጥቡት የነበረው። ቀይ የሚያይ መስታወትም ነበር፣ ግን ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። ውጤቱ የባንዲራችን ቀይ ጥቁር መሆኑ ነው፤ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፤ የጠይም ሰው ፊት ከሆነው በላይ ይጠቁራል። ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ ፊት ያቀኑ ነበር። የአያታችሁን ፎቶ አይታችሁ «እንዲህ ጥቁር ነበሩ እንዴ?» ካላችሁ፣ ቅባቱን ጠይቁት።

ከዚያ ላይካ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ የወጣው ይህ ትንሽ ካሜራ አንዴ ከጎረሰ 36 ፎቶ ያነሣል፤ ኪስ ውስጥም ይገባል። ለውጡ ካንድ ፎቶ አንሺ ሥራ ይነበባል። አልፍሬድ አይዘንሽታት በ1932 ስዊዘርላንድ ውስጥ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተውን አስተናጋጅ ያነሣው በመስታወት ካሜራ ነው። በ1935 ኢትዮጵያ ሲመጣ ላይካ ይዟል። ከዚህ ከወሰዳቸው መሐል የታወቀው የአንድ ወታደር ባዶ እግር ነው፤ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ አፈር የለበሰ። ማንም ባለ ሦስት እግር ካሜራ ለዚያ እግር ተንበርክኮ ጨርቅ አይከናነብም ነበር። በጣሊያን ጊዜ ወታደሩ ሁሉ ትንንሽ ካሜራ ይዞ ገባ፤ የመስታወቱ ዘመን በዚያው አለቀ።

ሰዎች አሮጌ ፎቶ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ማስመሪያ አወጣለሁ። 9 በ12 ከሆነ መስታወቱ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ በልኩ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ጥራቱ ዛሬም ያስደንቃል። መስታወቱ ራሱ ቤታችሁ ካለ ጫፍ ጫፉን ያዙ። ደብዛዛው ፊት ሥዕሉ ያለበት ነውና በውኃ አትጥረጉት፤ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩ፤ በጎናቸው አቁሟቸው። ኮፒ ለማድረግ ወደ እኔ መምጣት ግዴታ አይደለም፤ መስኮት ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋችሁ መስታወቱን ፊቱ ያዙትና በስልክ አንሡት፤ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር የሚያደርገው ስልኩ ነው።