ኮሶና የተረሳው በሬ

በቀድሞው ኑሯችን «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው እንግዳ ባይቀበል፣ ከቤቱም ባይወጣ የሚቀየመው አልነበረም። ቃሉ ራሱ የቤተኛነቱን ያህል አሻሚ ነው፤ ትሉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ዛፉን አየ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም በወዳጁ በሰር ጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ስሙ ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅ ተሰጥቶ ኖሮ አልጸናም። ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበት «ሃጌንያ አቢሲኒካ» ካርል ሃገን የተባለውን ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ያስታውሳል። ዛፉ የእኛ፣ ስሙ የሰው ሆነ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አበባው እየደረቀ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተጓዘ።

ፈዋሹ የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ኃይሉ ኮሶቶክሲንን ከመሰሉ ውሁዶች ይመነጫል። መጠኑ ከበዛ ዓይን እስከመጉዳት ይደርሳል። የትሉ ጭንቅላት አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረም በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ትሉ መልሶ ያድጋል። አያቶቻችን ኮሶ መጠጣቱን የሚደጋግሙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጠጪው ጀርባ ያለው በሬ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 የትሉን ቁራጮች ለጥጃ አብልቶ እጮቹን በጥጃው ሥጋ ውስጥ አገኛቸው። ምስጢሩ ተገለጠ፤ ከሰው የወጣው እንቁላል ሣር ላይ ይወድቃል፣ ከብቱ ይግጠዋል፣ እጩ በጡንቻው ይቀመጣል፣ በጥሬ ሥጋም ወደ ሰው ይመለሳል።

እንግዲህ ኮሶ የጠጣው ሰው የት ይወጣ እንደነበር እናስብ። ወደ ሜዳ! ኮሶው ትሉን እየቆራረጠ ሲያስወጣ እንቁላሉም አብሮ ከብቱ በሚሰማራበት ሣር ላይ ይበተን ነበር። መድኃኒቱ ሰውየውን ሲያሽር ለበሬው በሽታ ይተው ነበር። በሬውም ዕዳውን በቁርጥ ሥጋ መልሶ ይከፍለን ነበር።

በ1960ዎቹ ገበያ ላይ የዋለው የኒክሎሳማይድ እንክብልም ቢሆን ሣሩን አያጸዳም። ዛሬ ተመራማሪዎች ለከብት ጥገኛ ትሎች ከዕፅዋት መድኃኒት ሲፈልጉ ደስ ይለኛል። ከኮሶ ታሪክ የምማረው ግን ይህን ነው፦ ዕፁ ትሉን መግደሉ ብቻ አይበቃም፤ የወጣው ነገር የት እንደሚወድቅም መጠየቅ አለበት። ለዚህ መልሱ ከቅጠል ሳይሆን ከመጸዳጃ ቤትና ከቄራ የሥጋ ምርመራ ይገኛል።