ሒሳብና ዜግነት በላስታ አገር

የአንድ አገር ሕዝብ ሒሳብን የሚማረው በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም። አውድማው፣ ገበያውና ግብር የሚከፈልበት ሥፍራ ሁሉ ያስተምሩታል። ስለዚህ የሒሳብን ታሪክ ስንመረምር የምናገኘው ገበሬው ከጎረቤቱና ከመንግሥቱ ጋር የተሳሰበበትን ታሪክ ጭምር ነው። ይህንንም ለማስረዳት በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ከምትገኘው ከብልባላ እንጀምራለን።

ብልባላ ከዓለት በታነጹት በብልባላ ጊዮርጊስና በብልባላ ቂርቆስ አብያተ ክርስቲያናት የታወቀች ናት። በእንደነዚህ ያሉ አድባራት ሊቃውንቱ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጡት ባሕረ ሐሳብ በተባለው ስሌት ነው። ለ2018 ዓ.ም. ብናሰላ፣ 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ ይህም ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት የሚቀረው 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18 ይወጣል። የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ምን ጊዜም 30 ነውና፣ አስሊው ቢሳሳት ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። የስሌት ክብሩ መመርመር የሚቻል መሆኑ ነው። ዳሩ ግን ይህ ጥበብ በሊቃውንቱ ዘንድ ተወስኖ ኖረ እንጂ የገበሬው መገልገያ አልሆነም።

ገበሬውም በበኩሉ የራሱ ሒሳብ ነበረው። መሬቱን በጥማድ፣ እህሉን በቁና፣ የተካፈለውን ምርት በእኩልና በሢሶ፣ ግብሩን በዐሥራት ያስብ ነበር። ከአፋር ሜዳ ወጥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ደጋው የሚዘልቀው አሞሌ ጨውም፣ ከመነሻው በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይል ነበር። ከአሞሌው ጋር በአውሮጳ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይዘዋወር ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር ከነአላዱና ከነሩቡ አስመቱ። ሆኖም የቁናው መጠን ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የሰፋሪው ማንነት ከቁጥሩ ባላነሰ ያሳስብ ነበር። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ የተገኘ ፍርድ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተደረጉ። አንደኛው፣ በመሬት ግብር ዐዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመድቦ፣ በእህል ይከፈል የነበረው ዐሥራት በገንዘብ እንዲተካ መታዘዙ ነው። ሁለተኛው፣ በሐምሌ 16 ቀን 100 ሳንቲም ያለው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም፣ በ1940 ዓ.ም.፣ ለትምህርት የሚውል ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። እንግዲህ ልጁ ሰሌዳ ፊት እንዲቀመጥ ገበሬው ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ደረሰኙን ማንበብና ድምሩን መመርመር የሚችለው እጅግ ጥቂቱ ነበር።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በ1960 ዓ.ም. ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ብርቱ ዐመፅ ተነሣ። ምክንያቱ አያሌ ነው፤ ይሁን እንጂ ዋነኛው ገበሬው በግምቱም በገማቾቹም ላይ እምነት ማጣቱ፣ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ላጣ ነው ብሎም መስጋቱ ነበር። አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ሒሳብ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ለሌላው ወገን ዘረፋ ይመስለዋል።

ትምህርት ቤቱስ በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ያስተምር ነበር? ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በኡጋንዳ በኢንቴቤ የአፍሪካ አገሮች መምህራን በተሰበሰቡበት የአዲሱ ሒሳብ ጥናት ኢትዮጵያም ተካፋይ ነበረች። ያ ትምህርት ስለ ስብስብና ስለ ቁጥር ባሕርይ የላቀ ዕውቀት ቢሰጥም፣ ስለ ቁናና ስለ ግብር ግን ብዙም አይናገርም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን አስተባብሮ ለአዋቂው በማድረሱ ሊመሰገን ይገባዋል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ካስተማራቸው 11 እሴቶች አንዱ ቁጠባ ነበር። ነገር ግን ተማሪው ቁጠባ መልካም መሆኑን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ወለድ የሚሰላበትን መንገድ በሌላ ክፍለ ጊዜ እየሰማ፣ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ሳያስተውል የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በላስታ ይህ ነገር የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንመልከት። በመጀመሪያው ደንብ ለእያንዳንዱ ተረጂ ነፍስ በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር። ስለዚህ 5 ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ የሚታሰብለት 25 ቀን ነው። ከመዝገቡ አንድ ልጅ ቢዘነጋ በወር 5፣ በስድስት ወር 30 የሥራ ቀን ክፍያ ይጎድላል። ማባዛትን የተማረች የአራተኛ ክፍል ልጅ ይህን ለእናትዋ ልታስረዳ ትችላለች። እናቲቱም ወደ ቀበሌው የምትሄደው ለልመና ሳይሆን ቁጥር ይዛ ለመጠየቅ ነው። ዜግነት ማለትም ይኸው ነው።

ዕቁብም እንዲሁ መልካም አስተማሪ ነው። 10 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ፣ ፊተኛውም ኋለኛውም ባለ ዕጣ 5,000 ብር ይቀበላል። ነገር ግን በዐሥሩ ወር ውስጥ የጤፍ ዋጋ ቢጨምር የኋለኛው ብር የሚገዛው እህል ከፊተኛው ያነሰ ይሆናል። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ጥቅሙ እኩል ያልሆነበትን ምክንያት የተረዳ ልጅ፣ የመቶኛ ስሌትን ከነፍትሑ ተረዳ ማለት ነው።

ስለዚህ መምህራን የሒሳብን ጥያቄ ከአውድማው፣ ከዕቁቡና ከግብር ደረሰኙ እንዲቀዱ አደራ እንላለን። ሊቃውንቱ አበቅቴን በመጥቅዕ እንደሚመረምሩ ሁሉ፣ የገበሬው ልጅም የተጻፈለትንና የተጻፈበትን መዝገብ ደምሮ ይመርምር። ሰፋሪውም ተሰፋሪውም አንዱን ቁና እኩል ሲያውቁት፣ ግብር የጋራ መዋጮ፣ ገንዘብም የመተማመኛ ምልክት ይሆናል።