የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ገቢና ወጪ

በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ያገኙትን ምግብ ወደ ኃይልና ወደ አካል የሚለውጡበት ሥራ ሜታቦሊዝም ይባላል። ይህ ሥራ በኮምፒዩተር እስከ መመርመር እንዴት እንደ ደረሰ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ምሳሌያችን በአገራችን ብዙ ሰው ያሠቃየው የሥጋ ደዌ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ይህን ባክቴሪያ በ1873 አገኘ። ይሁን እንጂ ከሕያው ገላ ውጭ በብልቃጥ ሊያራባው የቻለ የለም። በ1960 በአይጥ መዳፍ ማራባት ተቻለ፤ ነገር ግን ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ አንዱ ምርመራ ብዙ ወራት ይወስዳል።

እኛ ካለንበት ከቦሌ ቡልቡላ ከተማውን ተሻግሮ፣ በዘነበወርቅ ሠፈር፣ በ1965 አለርት፣ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረቱ። የዚያ ዘመን ዋና መድኃኒት ዳፕሶን ነበር፤ እርሱም ባክቴሪያው ለኑሮው የሚያስፈልገውን ፎሌት እንዳይሠራ ያግደዋል። ነገር ግን በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ በተደረጉ ጥናቶች ዳፕሶን የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በሕሙማን ላይ ተገኙ። አንድ በር ብቻ መዝጋት አልበቃም ማለት ነው። ስለዚህ በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ጓድ መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ።

ሌላ የሚዘጋ በር ለመፈለግ ግን የቤቱን አሠራር ማወቅ ይገባል። በ2001 የባክቴሪያው ጂኖም ተነቦ ታተመ፤ 1,600 ያህል ሠራተኛ ጂኖችና 1,100 ያህል የተበላሹ ተገኙበት። ጥገኛ ሆኖ ሲኖር ብዙ ሙያውን ጥሏል ማለት ነው።

የኮምፒዩተሩ ሥራ እንደ ነጋዴ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የኬሚካል ለውጥ በቀመር ይጻፋል፤ በሕዋሱ ውስጥ የሚሠራውና የሚወጣው ንጥረ ነገር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ይሰላል። ከዚያ አንዱ ለውጥ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ ዕድገቱ ከቆመ መድኃኒት የሚፈለግበት ቦታ ተጠቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ በ1999 ለሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ በ2007 ለሳንባ ነቀርሳ፣ በ2020 ለሥጋ ደዌ ታተመ።

በብልቃጥ ለማይበቅል ፍጥረት ይህ ስሌት ትልቅ ረዳት ነው። ሆኖም ባክቴሪያው በሰው ነርቭ ውስጥ ምን እንደሚመገብ የሚነግረን ከሕሙማን የሚገኘው ማስረጃ ነው። ስለዚህ የስሌቱ ዋጋ የሚለካው በእነርሱ ፈውስ ነው እንላለን።