ሁለቱ ሄርኩለሶች እና የአጎቴ ጆንያ

በደሳ ላደግን ልጆች በሰማይ እያጉረመረመ የሚያልፍ ትልቅ አውሮፕላን ሁሉ “አንቶኖቭ” ነበር። አጎቴ ግን ይቆጣናል። “ዝም ብላችሁ አንቶኖቭ አትበሉ! ሄርኩለስ ሌላ ነው።” መቆጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቀን ሥራ ፍለጋ ሄዶ ያገኘው ሥራ ሄርኩለስ ላይ የሚጫን ስንዴ በጆንያ መሙላት ነበር።

ባለፈው ወደ ቤተሰብ ስሄድ የአዲሱን ሄርኩለስ ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ አየውና፣ “የፕሮፔለሩ ስለት አራት ነበር እኮ! ሁለቱን ማን ጨመረበት?” አለኝ።

ልክ ነው፤ አሁን ስድስት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው…

ሲ-130 ሄርኩለስ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። አሜሪካኖች የፈለጉት አጭርና ያልተነጠፈ ሜዳ ላይ የሚያርፍ፣ ኋላው ተከፍቶ መኪና የሚያስገባ የጦር ማመላለሻ ነበር። ወደ እኛ ግን በእንግሊዝ አየር ኃይል ቀለም፣ ስንዴ ጭኖ መጣ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም ካሳየ በኋላ፣ በዚያው ወር የእንግሊዝ ሄርኩለሶች አዲስ አበባ አረፉ። ከዓመት በላይም ቆዩ።

መቀሌን የመሰለ ማረፊያ ያለበት ቦታ ያርፋሉ። ማረፊያ በሌለበት ደጋ ግን ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው እህሉን ያለ ፓራሹት ይጥሉታል። ጆንያው መሬት ሲመታ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጆንያ በጆንያ ውስጥ ይገባል። የአጎቴ ሥራ ይኼ ነበር። መጣያ ሜዳዎቹን ቀድመው የሚያዩትና የሚያዘጋጁት ደግሞ በሄሊኮፕተር የሚመጡ ፖላንዶች ነበሩ። አስቡት፦ በአውሮፓ በጠላትነት የሚተያዩ ሁለት ጎራዎች እኛ ተራራ ላይ አብረው ሲሠሩ!

በዚያ አሮጌ ሄርኩለስ ውስጥ አምስት ሰው ይሠራል፦ ሁለት አብራሪዎች፣ አቅጣጫ የሚያሰላ ናቪጌተር፣ ሞተሩን የሚከታተል የበረራ መሐንዲስ፣ ከኋላ ደግሞ የጭነት ኃላፊ።

አዲሱ፣ “ጄ” የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በረረ። ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ አውሮፕላን ነው። የናቪጌተሩንና የመሐንዲሱን ሥራ ኮምፒዩተር ወሰደና አምስቱ ሦስት ሆኑ። ሞተሩም ፕሮፔለሩም ተቀየረ። ፋብሪካው “ኢ” ከሚባለው ቀዳሚ ሞዴል ጋር ሲያወዳድረው ፍጥነቱ በ21 በመቶ፣ ሳይቆም የሚጓዘው ርቀት ደግሞ በ40 በመቶ ጨምሯል ይላል። ይኼ ለእኛ ተራ ቁጥር አይደለም። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፍም ሞተርም ይደክማል፤ ያኔ ጭነት መቀነስ ግድ ነው። ጠንካራ ሞተር ማለት ተጨማሪ ኩንታል ማለት ነው።

ታዲያ “ጄ” በ1977 ቢኖር ኖሮ ረሃቡን ያስቆመው ነበር?

እኔ አይመስለኝም። ምክንያቴ አንድ ቀላል ሒሳብ ነው። አሮጌውም አዲሱም ሄርኩለስ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ቢበዛ 200 ኩንታል ገደማ ነው። በአሰበ ተፈሪ በኩል የሚያልፈው ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል! አውሮፕላን የሚጠራው መንገድ ሲጠፋ፣ ወይ ጦርነት ሲዘጋው፣ ወይ የሚመለከተው ሰው ዝም ብሎ ጊዜው ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ስለ ሄርኩለስ የሚወራው ጀግንነት ሁሉ፣ ከጀርባው ስለዘገየ ውሳኔ ይናገራል።

ደግሞም አዲሱ ቶሎ አይደርሰንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአየር ኃይላችን ያስረከበችው ያንኑ አሮጌውን “ኢ”ን ነው። እንግሊዞች ግን “ጄ”ንም ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2023 በጡረታ አሰናብተውታል።

ያልተለወጠው ጆንያው ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ደቡብ ሱዳን ላይ እህል ከአየር ሲጥል ያደረገው ያንኑ ነው፦ ጆንያ በጆንያ ውስጥ፣ ከታች ደግሞ ሜዳውን ከሰውና ከከብት የሚጠብቁ ሰዎች። ኮምፒዩተሩ ናቪጌተሩን ተካው፤ አጎቴን ግን አልተካውም።

ይኼን ስነግረው የሚኮራ መስሎኝ ነበር። ስልኬን መለሰልኝና ትንሽ ዝም አለ። “ያን ጊዜ ሐረርጌም ተርቦ ነበር” አለኝ። “እኔ ቀን ቀን ለማላውቀው ሰው ስንዴ እሞላለሁ፤ ማታ እናቴ ምን በልታ አደረች እያልኩ እተኛለሁ።”

ይኼን ታሪክ ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ስለ ሞተሩና ስለ ፍጥነቱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ስለ ጆንያው ግን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እያረጁም ነው። እናንተ ቤትስ የ77ን ነገር የሚያውቅ ሰው የለም? ሳይረፍድ ጠይቁት።