የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ፤ ከ1935 እስከ 1993 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)

የሞተር ብስክሌት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ፍጥነቱ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የፊቱን ጎማ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሁለት እግር ክፍል፣ ይኸውም ሹካውን ነው። ሐሳባችንም የሚከተለው ነው፤ የሹካ መሻሻል ከአሮጌው ወደ አዲሱ በቀጥታ መስመር የተጓዘ አይደለም፤ ሹካው የተለወጠው የሚሸከመው ጭነትና የባለቤቱ ኑሮ በተለወጠ ቁጥር ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆነን የጀርመኑን የቢ.ኤም.ደብልዩ. ፋብሪካ ሥራ መርጠናል።

በመጀመሪያ የችግሩን መሠረት እንመልከት። ሞላ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ጉልበቱን ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ብቻውን ከተተወ ደጋግሞ ይዘላል። ጎማው ከመሬት በተለየባት ቅጽበት ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዙም። በቀድሞዎቹ ሹካዎች ይህን ዝላይ የሚገቱት እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ክብ ሳህኖች ነበሩ።

በ1935 ዓ.ም. ፋብሪካው አር 12 እና አር 17 የተባሉትን ሞተር ብስክሌቶች አወጣ። በእነዚህ ሹካ ውስጥ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሞላውን ዝላይ ያበርዳል። በዘይት የሚበርድ ተንሸራታች ሹካ ይዘው በፋብሪካ በተከታታይ ከተሠሩት መካከል የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. ተንሸራታቹን ሹካ ትቶ በእንግሊዛዊው በኧርነስት ኧርልስ ስም የሚጠራውን ሹካ ያዘ። ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነውን? እንደ እኛ አስተያየት አይደለም። በዚያን ዘመን መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበረው ብዙ የአውሮፓ ቤተሰብ የሚጓዘው በሞተር ብስክሌቱ ጎን ጋሪ አያይዞ ነበር። ጋሪው ሹካውን ወደ ጎን ይገፋዋል። የኧርልስ ሹካ ግን ከጎማው በስተኋላ በሚታጠፍ ክንድ ስለሚሠራ የጎን ግፊትን ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫውን አይደፋም። ከዚህም በላይ የክንዱ መታጠፊያ ሁለት ቦታ ተበጅቶለት ነበር፤ አንዱ ያለ ጋሪ ለሚነዳ፣ ሁለተኛው ከጋሪ ጋር ለሚነዳ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪና በየቤቱ ሲገባ የጋሪ ፈላጊው ቁጥር አነሰ። ብቻውን የሚነዳው ሰው የሚሻው ቀላል መሪ ሲሆን፣ የኧርልስ ሹካ ደግሞ ለመሪው ከባድ ነበር። ስለዚህ በ1969 ዓ.ም. በወጡት ባለ «ስላሽ 5» ሞዴሎች ተንሸራታቹ ሹካ ተመለሰ፤ ሻንሲያቸውም ለጋሪ ታስቦ የተሠራ አልነበረም።

የተመለሰው ሹካ ግን የራሱ ጉድለት ነበረው። ዘይት በማይለወጥ ቀዳዳ ሲያልፍ ተቃውሞው በፍጥነቱ ካሬ መጠን ይጨምራል። በዚህ ምክንያት በዝግታ በሚወዛወዝ መንገድ ላይ ተቃውሞው ያንሳል፤ በድንገተኛ ድንጋይ ላይ ግን ከልክ ያልፍና እጅን ይመታል። ዘይቱን ማወፈር የመጀመሪያውን ጉድለት ሲያቃልል ሁለተኛውን ያብሳል። በኋለኞቹ ዘመናት በግፊቱ መጠን የሚከፈት ቫልቮላ የገባው ለዚህ ነው። ዛሬም ሹካውን ለማሻሻል የሚነሣ ተጓዥ በመጀመሪያ የራሱንና የጓዙን ክብደት መዝኖ ተስማሚ ሞላ መምረጥ፣ ቀጥሎም ቫልቮላውን ማሰብ ይገባዋል። ሞላው ለክብደቱ ከሳሳ ሹካው ገና ጉዞው ሳይጀመር ወደ ታች ይሰምጣልና ለድንጋዩ የሚተርፍ ስፍራ አይኖረውም።

በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አር 1100 አር.ኤስ. በተባለው ሞዴል ላይ ቴሌሌቨር የተባለው ሥርዓት መጣ። በዚህ ሥርዓት ተንሸራታቾቹ ቱቦዎች ጎማውን ይመራሉ፤ ሞላውና ማብረጃው ለብቻቸው በመካከል ይቆማሉ፤ የፍሬኑን ግፊት አብዛኛውን የሚቀበለው ከሞተሩ አካል ጋር የተያያዘ ክንድ ነው። ስለዚህ በ1969 ከኧርልስ ሹካ ጋር የተጣለው ጥቅም፣ ይኸውም በፍሬን ጊዜ አለመደፋት፣ በሌላ መልክ ተመለሰ።

እንግዲህ የአንድን መሣሪያ ታሪክ የሚመረምር ተማሪ «የትኛው አዲስ ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ማንን፣ ከምን ጭነት ጋር ተሸከመ?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል እንላለን።