እንስራ፥ ጀሪካንና ቧንቧ፤ በቴፒ የቤት ውኃ አያያዝ ታሪክ

ቴፒን የሚያውቅ ሰው፥ በዚያ አገር ስለ ውኃ ቁጠባ ልንጽፍ መነሣታችንን ቢሰማ ሳይስቅብን አይቀርም። ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች የቡና ከተማ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ዙሪያዋም ደንና ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ የአገር ውኃና የቤት ውኃ አንድ አይደሉም። በቤት ውስጥ ያለው ውኃ ሲለካ የኖረው በሰማዩ ዝናብ ሳይሆን በተሸካሚዋ ጀርባና በመቅጃው ዕቃ ስፋት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነውም ይህንኑ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ደቡብ ምዕራብ ሲያነሡ በ1889 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ የከፋ ዘመቻና ስለ ቡናው ንግድ በሰፊው ይተርካሉ። ቡናው የሚፈላበትን ውኃ ማን ከወንዝ እንዳወጣው ግን እምብዛም አይነግሩንም። ያወጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ 20 ሊትር የሚይዝ እንስራ የሸክላው ክብደት ሳይታሰብ እንኳ 20 ኪሎ ሸክም ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የሚባክን ውኃ ሁሉ የአንዲት ሴት ድካም ነበር። እህል የታጠበበት ውኃ ለጓሮው ጎደሬና ለሙዙ ሥር ይደፋል እንጂ በከንቱ አይፈስስም። ልብስም ወደ ወንዝ ይወርዳል እንጂ ወንዙ ወደ ልብሱ አይወጣም፤ ገላ መታጠብም እንዲሁ። ብዙ ውኃ የሚፈልገው ሥራ ወደ ውኃው ስለሚሄድ፥ ወደ ቤት የሚመጣው ለመጠጥና ለወጥ ቤት የሚያስፈልገው ብቻ ነበር።

በኋላ እንስራውን የተካው ጀሪካን የራሱ ታሪክ አለው። ይህን ዕቃ ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብለው ለሠራዊታቸው ነዳጅ መያዣ ከብረት ሠሩት፤ ስሙም እንግሊዞች ጀርመኖችን ከሚጠሩበት የቅጽል ስም የመጣ ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ቢጫው ጀሪካን ፕላስቲክ ነው። ከሸክላ ስለሚቀልና ስለማይሰበር የሴቶችን ድካም በመጠኑ አቃልሏል፤ መለኪያው ግን ያው 20 ሊትር ሆኖ ቀረ።

መለኪያውን ያጠፋው ቧንቧ ነው። በአገራችን የቧንቧ ውኃ የተጀመረው በአዲስ አበባ ሲሆን፥ በ1886 ዓ.ም. የስዊሱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ስቦ አስገባው። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. እስኪሠራ ድረስ አብዛኛው የከተማው ሕዝብ በምንጭና በጉድጓድ ነበር የሚኖረው። በሌሎቹ ከተሞችም ነገሩ የተለየ አልነበረም። ቧንቧ በመጀመሪያ የሚገባው ለጥቂቶች ነው፤ የቀሩት ቦኖ ላይ ይሰለፋሉ፥ ወይም ወንዝ ይወርዳሉ። ቧንቧ ባለበት ቤት ልብሱም ገላውም ከወንዝ ወደ ግቢ ይመለሳል። የመንግሥት ዕቅድም ይህን አስቦበታል፤ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር፥ ለከተማ ነዋሪ ግን እንደ ከተማው ደረጃ ከ40 እስከ 100 ሊትር ተመድቦ ነበር።

እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመኝታ ቤታችን በር ላይ የነበረው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ እየሰማን እንተኛ ነበር፤ አንዳችንም ተነሥተን አላጠበቅነውም። በየቤታችን ግን ጀሪካኑ ቢያፈስ እናቶቻችን በጋለ ቢላዋ ፕላስቲኩን አቅልጠው ሳይደፍኑ አያድሩም። ነገሩን በቁጥር ብናየው፥ በሴኮንድ አንዲት ጠብታ ብትወርድ በቀን 86,400 ጠብታ ትሆናለች። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሞላ ይህ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፥ በዓመት ደግሞ 79 ጀሪካን ያህል ነው። ቦኖ ላይ ለምትሰለፍ ልጅ ይህ 79 ምልልስ ነው።

በቴፒ ጭንቁ የሚታወቀው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፥ ምንጮችም ይሳሳሉ። ይህ ወቅት ከቡናው ሥራ ጋር መቀራረቡ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በፀሐይ የሚደርቀው ቡና ውኃ አይጠይቅም፤ በእጥበት የሚዘጋጀው ግን ብዙ ውኃ ይወስዳል፤ ገለፈቱና እጣቢው ወንዝ ውስጥ ከገባም ከታች ላለው ሰው ውኃውን ያበላሽበታል። ስለዚህ በበጋ ንጹሕ ውኃ በቤቱ ያቆየ ሰው ከብዙ ችግር ይድናል።

ይህን ውኃ ከየት ያገኛል ብንል፥ ከራሱ ጣራ ነው። የሣር ክዳን ለዚህ እምብዛም አይመችም ነበር፤ ቆርቆሮ ግን ይመቻል። የጣራው ስፋት 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከሚወርደው ዝናብ 80 በመቶው ቢጠራቀም፥ በዓመት 48,000 ሊትር ይገኛል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በገጠሩ ሂሳብ በቀን 125 ሊትር፥ በዓመት 45,625 ሊትር ያስፈልገዋል። ዝናቡ ከፍላጎቱ ይበልጣል ማለት ነው። ነገር ግን በአሸንዳ ሥር የምናየው 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ዝናብ ሞልቶ ይፈስሳል፥ ከሞላም በኋላ ለዚያ ቤተ ሰብ ሁለት ቀን እንኳ አያደርስም። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢቆም እንኳ በዚሁ አያያዝ 40 ቀን ብቻ ያቆያል፤ ለመጠጥና ለወጥ ቤት ብቻ ተለይቶ፥ ልብሱም እንደ ዱሮው ወደ ወንዝ ወርዶ በቀን 50 ሊትር ቢቀዳለት ግን 100 ቀን፥ ማለት ከታኅሣሥ መባቻ እስከ መጋቢት ያደርሳል።